ለአንበሳው የተነጠፈው ዘንባባ

አንድ ጊዜ ውርጭ አምባ በሚባል ደጋ ላይ አንዲት አህያ ዘንባባ ተከለች። አዎ፣ ዘንባባ። ገብስ እንኳ በብርድ በሚቃጠልበት፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚነጋበት አገር። የአምባው እንስሳት ይህን የሰሙ ዕለት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እመት አህዪት፣» አላት ዝንጀሮ፣ «ቆላው ከናፈቀሽ አንቺው ውረጂ እንጂ፣ ይህ ምስኪን ዛፍ ምን በደለሽና ብርድ ልታስመቺው አመጣሽው?»

እሷ ግን ለሳቃቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችው የሌላ ነው። ጨው ብትሸከም የሌላ፣ እህል ብትሸከም የሌላ። ከቆላ ስትመለስ በጭነቷ ጎን ሸጉጣ ያመጣችው ይህ የዘንባባ ችግኝ ብቻ ነው የራሷ። የሰጣት አንድ የቆላ ግመል ነበር፤ ሲሰጣትም «ዘንባባ ልቡ አናቱ ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጎዳ ቀስ እያለ ይተካል፤ ልቡ ከተነካ ግን ሌላ የለውም፤ ከጎኑ አያቆጠቁጥም» ብሎ አስጠንቅቋታል።

እንዴት እንዳሳደገችው ልንገራችሁ፤ ይህን ዘልዬ ባልፈው በኋላ የተፈጸመው በደል አይገባችሁም። መጀመሪያ ውሃ የሚተኛበትን ረባዳ ትታ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ፈለገች። ድንጋዩ ነፋሱን ይከለክላል፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውልና ሌሊት ሙቀቱን ይሰጣል። ከሥሩ አፈር ቆልላ ችግኙን እዚያ ላይ ተከለችው። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ውሃ ትቀንስለታለች፤ ሥሩ እንደረጠበ ውርጭ ከያዘው ይበሰብሳልና። ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስባ በገመድ ታስራለች፣ ልቡን ጭድ ታለብሰዋለች፣ ከላይ አሮጌ ጆንያ ትደርብበታለች። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንዳይታፈን ትፈታዋለች። ጭዱስ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ከራሷ ግርግም ነው። ሌላው ብርድ ሲመጣ ሆዱን ይሞላል፤ እሷ እራቷን ለዛፍ ታለብሳለች።

ዓመት ዓመትን እየተካ ዘንባባው አደገ፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር እኩል ቆመ። የደጋ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ይበሳልና፣ የሳቁት ሁሉ አንድ በአንድ መጥተው ጥላው ሥር ተጋደሙ። ዝንጀሮ መንገደኛ ባየ ቁጥር «የኛን ዘንባባ አያችሁት?» ማለት ጀመረ። ሲሳቅበት የእሷ ነበር፤ ሲያምር የሁሉም ሆነ። አህዪት ይህንንም ሰማች። ጥላው ለሁሉም ይበቃል ብላ ማታ ማታ ማልበሷን ቀጠለች።

በአንድ የኅዳር ቀን ቁራ ከሩቅ አገር ወሬ ይዞ መጣ። ንጉሥ አንበሳ በመጪው እሑድ ውርጭ አምባን ሊጎበኝ ነው አለ። ለምን እንደሚመጣ ቁራው አልተነገረውም፤ እንስሳቱም አልጠየቁትም። ቀበሮ ግን ቁራው ተናግሮ ሳይጨርስ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የአቀባበል ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ራሱ ሆነ። የአምባውን ሹመት ሲመኝ የኖረ ነውና እንዲህ ያለ ቀን አያመልጠውም።

«ወገኖቼ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ንጉሥ በባዶ መንገድ አይሄድም። ቆላ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ዘንባባ ይነጠፍላቸዋል፣ ሕዝቡም ዘንባባ ይዞ ይቀበላቸዋል። እኛ ከማን እናንሳለን?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አህዪት ብድግ ብላ ቆመች።

«አያ ቀበሮ፣ የቆላው ዘንባባ ጫካ ነው፤ የኛ አንድ ነው። ደግሞ ውርጩ የሚበረታበት ወር ላይ ነን። ቅጠሉን ከገፈፋችሁት ልቡን ሸፍኜ የማስርበት አይኖረኝም።»

«እንዴ፣ እመት አህዪት፣» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያዘነ መስሎ፣ «ለንጉሥ ቅጠል የምትሰስቺው አንቺ ነሽ? እኔ ይህን ነገር አልሰማሁም። ማንም እንዳልሰማ ይሁን።»

እንዲህ ነው ነገር የሚያዞረው። ዛፏን አትቁረጡብኝ ያለችው አህያ ንጉሥ የጠላች ሆና ቁጭ አለች። በጥላው ሥር ሲያንኮራፉ የከረሙት ሁሉ ዞረው አፈጠጡባት። ከመካከላቸው አንድ እንኳ «ተው፣ ነውር ነው» የሚል ይኖር እንደሆነ ፊታቸውን በየተራ አየች። ዝንጀሮ ብቻ ተናገረ፣ እሱም «ቅጠል አይደል እንዴ፣ ይበቅላል» አለ።

ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ከዛፉ ሊተርፍ የሚችለውን ለማትረፍ ሞከረች።

«እሺ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ውሰዱ። የላዮቹን ግን ተዉልኝ። ልቡን ደግሞ አደራ፣ እንዳትነኩት።»

«አባቴ ይሙት አይነካም፤» አለ ቀበሮ። «እንዲያውም ጠባቂ አቆምለታለሁ። አያ ጅቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዘንባባው ጥበቃ ኃላፊ አንተ ነህ። አንቺ ደግሞ እመት አህዪት፣ ለግብዣው ውሃ ከወንዝ ታመላልሻለሽ። ከአንቺ የተሻለ ማን ይሸከማል?»

ጅብ ጠባቂ ሆኖ ሲሾም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የውርጭ አምባ እንስሳት ግን አዩ፤ አይተውም አጨበጨቡ።

አህዪት ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ወረደች። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ሙሉ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ስትመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ከጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ መጀመሪያ ቦታው የተሳሳተባት መሰላት። ቅጠል የለም። የታችኞቹ ተቆርጠው አላበቁም፤ ቀበሮ «ለእያንዳንዱ ተቀባይ አንድ አንድ ይድረሰው» አለ፣ ቀጥሎ «መንገዱ መሐል ላይ ባዶ ሆኖ ያሳፍራል» አለ፣ ዝንጀሮም እየወጣ ቆረጠ። የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ጅብ ተንጋሎ አንድ ነጭ ነገር ያላምጣል።

«አያ ጅቦ፣ ምንድን ነው የምትበላው?»

«እንጃ፤ ለጠባቂው ምን አለው ብዬ ቀበሮን ብጠይቀው፣ አናቱ ውስጥ ያለው ነጩ ከመቅኔ ይጣፍጣል አለኝ። መቅኔ አይመስልም። ጎመን ጎመን ይለኛል።»

«አንተ ጠባቂ አልነበርክም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ፤» አለ ጅብ ቅር ብሎት። «ሌላ እንዳይበላው ብዬ እኮ ነው የበላሁት።»

አህዪት ምን ትበለው? ከደንቆሮ ጋር ቆማ ብትከራከር ልቡ ተመልሶ አይገባ። ውሃውን እዚያው አውርዳ ወደ ቀበሮ ሄደች። ቀበሮ ከዋሻው ደጃፍ ለንጉሡ እጅ መንሣት ይለማመድ ነበር፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያጎነብሳል።

«ምለህልኝ ነበር፤» አለችው።

«ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠበቅኩ። አንድ ቅጠል በእጄ ቆርጬ እንደሆነ ያየ ይመስክር። የበላውም እኔ አይደለሁም።»

«ያስበላኸውስ ማን ነው?»

«እመት አህዪት፣ አሁን የአገር ጉዳይ ላይ ነን። ብቻ ነገ ንጉሡ ፊት እንዲህ ፊትሽን አጥቁረሽ እንዳትቆሚ፤ ለአምባው ገጽታ ጥሩ አይደለም።» ይህን ብሎ ልምምዱን ቀጠለ።

ያን ማታ አህዪት እንደ ልማዷ ጭዷን ይዛ ወደ ዘንባባው ሄደች። የምታለብሰው ነገር ግን አልነበረም። ጭዱን ግንዱ ሥር ጥላ ተመለሰች፤ እራቷንም አልበላች።

በማግሥቱ አንበሳ መጣ። ሸምግሏል፣ እርምጃው ቀስ ያለ ነው። በግራና በቀኝ እንስሳቱ ተሰልፈው ዘንባባ ያወዛውዛሉ፤ መንገዱ እስከ አደባባዩ ድረስ በዘንባባ ተሸፍኗል። አህዪትን ከኋላ፣ ከውሃው እንስራ አጠገብ አቁመዋታል። ቀበሮ በቀኝ አጎነበሰ፣ በግራ አጎነበሰ፣ ረጅም ንግግሩንም ጀመረ።

አንበሳ አቋረጠው። «ንግግሩ ይቆይ። እኔ የመጣሁት ዘንባባውን ለማየት ነው። በውርጭ አገር ዘንባባ ያሳደገ አለ ብለውኝ አላምን አልኩ። የኔም ጫካ ከዓመት ዓመት ብርዱ እየጠናበት ዛፎቹ እያለቁ ነው፤ ግልገሎቻችን የሚጠለሉበት አጡ። እንዴት እንደተቻለ ዓይቼ፣ ተምሬ ልመለስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። የት ነው ያለው?»

ሲወዛወዙ የነበሩት ቅጠሎች ቀጥ አሉ። ዝንጀሮ የያዘውን ቀስ ብሎ ከጀርባው ደበቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መሬት የተነጠፈውን ግን የሚደብቅ አልተገኘም። ቀበሮ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነውና ማፈር አያውቅም።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሐዘን ላይ ነን፤» አለ። «ዘንባባው በውርጭ ሞተብን። አደራው የእመት አህዪት ነበር። እኛ ደጋግመን መክረናታል፤ እሷ ግን ቸልተኛ ናት፣ አንድ ማታ ሳታለብሰው አደረች።»

አንበሳ ወደ አህዪት ዞረ። «እውነት ነው?»

ይግረማችሁ፤ የዛፉ መሞት እንዲህ አላቃጠላትም። እራቷን እየተወች ያለበሰችውን፣ አላለበሰችም ተባለች። ሲሳቅባት ችላለች፣ ሲነጥቋት ችላለች፤ ይህኛውን ግን መቻል አቃታት። እንስራውን ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ውርጭን አውቀዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት ስታገለው የኖርኩት ጠላቴ ነው። ቢሆንም አልዋሽበትም። ውርጭ ቅጠል ያጠቁራል እንጂ ቆርጦ መንገድ ላይ አያነጥፍም። ዘንባባው የት ነው ብለው ከጠየቁኝ፣ እግርዎ ሥር ነው። ቆመውበታል።»

አንበሳ ወደ ታች አየ። አንዱን እግሩን አነሣ፣ የሚያሳርፍበት ባዶ መሬት ግን በአጠገቡ አልነበረም።

«ልቡ ከተረፈ ያገግማል ሲሉ ሰምቻለሁ፤» አለ በዝግታ።

«ልቡን አያ ጅቦ በልቶታል።»

«ደግሞ አልጣፈጠኝም፤» አለ ጅብ፣ ይህ ነጻ የሚያወጣው ይመስል።

አንበሳ ሲያገሣ እንስራው ተንቀጠቀጠ። «ቀበሮ፣ ልማርበት የመጣሁትን ዛፍ እኔኑ አስረገጥከኝ። ስሙት እንግዲህ። አንተና ጅብ ቆላ ወርዳችሁ ሌላ ችግኝ በጀርባችሁ ታመጣላችሁ። እስኪያድግ ድረስም እናንተ ትንከባከቡታላችሁ። ይህ ነው ፍርዴ።»

«በታላቅ ደስታ፤» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ። «ዛሬውኑ ኮሚቴ አቋቁማለሁ።»

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች አህዪት፣ «እባክዎ እንዲህ አይፍረዱ። ችግኙ ምን በደለ?»

አንበሳ ቀበሮን አየው፣ ጥርሱን የሚፍቀውን ጅብ አየው፣ መልሶ እሷን አየ። ፍርዱንም አነሣ።

«ታዲያ አንቺ ምን ይደረግልሽ?»

«ከዚህ ልሂድ። ወደ ጫካዎ ስንሄድ መንገዳችን በቆላ ነው፤ ችግኝ እዚያ ይገኛል። ተሸክሜ አመጣዋለሁ፣ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚለብስም ለልጆቻችሁ አሳያለሁ። አንድ ቃል ብቻ ይግቡልኝ። ዘንባባው አድጎ ሊያዩት ሲመጡ ማንም ከሱ ላይ ቆርጦ አያንጥፍልዎ።»

«ቃሌ ነው፤» አለ አንበሳ። «በባዶ መሬት እመጣለሁ።»

አህዪትም የአምባውን አንድም እንስሳ ሳትሰናበት ከንጉሡ ጎን ሆና ወጣች። ሽማግሌው አንበሳ በተነጠፈው ላይ አልተመለሰም፤ ከመንገዱ ወርዶ በእሾሁ መሐል እያነከሰ ሄደ።

«ምን ታያላችሁ?» አለ ቀበሮ ወደ ሰልፉ ዞሮ። «ሽኝት እኮ ነው፤ አወዛውዙ እንጂ።»

ዝንጀሮ ከጀርባው የደበቀውን ቅጠል አወጣና አየው። ዳሩ መጠቅለል ጀምሯል። መሬት ላይ ጣለው፤ ሌሎቹም ጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ወደየጉድጓዱና ወደየዋሻው ተበተኑ። አደባባዩ ላይ እያወዛወዘ የቀረው ጅብ ብቻ ነው። ንጉሡ ከዓይን እስኪጠፋ አወዛወዘና «ግብዣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚህ የምንማረው ሌላው ጦሙን አድሮ ያሳደገውን ቆርጦ «እንግዳ አከበርኩ» የሚል፣ ባለቤቱን መበደሉ ሳያንስ እንግዳውንም በደሉ ላይ እንደሚያስቆመው ነው።