አመድ የገባበት ገንዳ

«አንድ ግንበኛ ነበረ» ብለው ጀመሩ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ።

ስንዱ የጠየቀቻቸው ስለ ኃጢአት ነበር። ለሰፈሩ ልጆች የምታሠራው መማሪያ ክፍል ሲሚንቶ አጥሮት ቆሟል። ከፋብሪካ የሚደፋ አመድ የሲሚንቶውን ከፊል ሊተካ እንደሚችል በግንባታ ሙያዋ ታውቃለች፤ ግን የሰው አፍ አስፈራት። ለማንም ሳትናገር ብትቀላቅለው ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ነው ንስሐ አባቷን የጠየቀችው። እሳቸውም ይህን ነገሯት።

ግንበኛው የሚኖረው ስኳር ፋብሪካ አጠገብ ነው። ፋብሪካው አገዳውን ይጨምቃል፣ የተረፈውን ገለባ ያነዳል፣ አመዱን ወንዝ ዳር ይደፋዋል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ልብስ ያሰጣች ሴት ሁሉ ትራገማለች። ግንበኛው ግን ነገር መሞከር የሚወድ ሰው ነበረና አመዱን በወንፊት ነፍቶ፣ ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ የገዛ ቤቱን ወለል ሠራበት። መጀመሪያ አልጠነክር ብሎት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ውሃ ሳያቋርጥ ሲያጠጣው ከረመና ወለሉ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የበለጠ ጠነከረ። ያን ቀን ደስታውን ለሚስቱ እንኳን አልነገራትም። ጠባዩ ነው፤ ምን ይደረግ!

ከዚያ መንደሩ የሩቅ ምንጭ ውሃ በቦይ የሚገባበት ገንዳ ሊሠራ ተነሣ። ሴቶቹ የሚቀዱት ከወንዙ ነው፤ ወንዙ ደግሞ አዞ አለበት፤ ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አልተመለሰችም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ በአንድ ልብ የተነሣው።

ሲሚንቶ ግን ከገበያ ጠፋ። በእጅ ያለው ገንዳውን እንደማያደርስ ግንበኛው ገና ሲያየው ገባው። ስለ አመዱ እንዳይናገር ደግሞ አገሩን ያውቀዋል። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ሲደባለቅባቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ «ቀላቀለ» ከተባልክ ሌባ ከመባል አይተናነስም። ስለዚህ ቦታውን በጆንያ ከልሎ፣ ማለዳ ሰው ሳይመጣ ቀላቀለ።

ገንዳው አለቀ። በዚያ አገር ግንብ ሲያልቅ ሴቶች ተራ ገብተው ውሃ ያጠጡታል፤ ልማዱ ሳምንት ነው። ሳምንቱ ሲሞላ እልል ብለው ሊሞሉት ሲሰናዱ ግንበኛው እየሮጠ መጣ።

«እባካችሁ እህቶቼ፣ ገና ነው። ወር ሙሉ አጠጡት» አለ።

«እንዴ ጋሼ!» አለች አንዷ። «የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ሲሠሩ ሳምንት ይበቃል ያሉን እርስዎ አይደሉም? ይሄ በምን ተለየ?»

እዚህ ላይ ቢናገር ኖሮ! አመድ ያለበት ግንብ ቶሎ አይጠነክርም፤ ውሃ እየጠጣ፣ እየቆየ ነው የሚበረታው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ለመናገር ግን የአመዱን ነገር ማንሣት አለበት። ሴትየዋን አየ፣ ዙሪያዋን የቆሙትን አየ።

«እንዲያው... ለጥንቃቄ ብዬ ነው» አለና አቀርቅሮ ሄደ።

አዞ ካለበት ወንዝ የምትቀዳ ሴት «ለጥንቃቄ» ስላላት ወር ሙሉ አትጠብቅም። ሞሉት።

በማግስቱ ገንዳው ጎኑ ተሰነጠቀ፤ ውሃው ሜዳ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎች ስባሪውን በጣታቸው ፈርፍረው ሲያዩት «አመድ ነው!» አሉ። ግንበኛው ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረ፤ «ኑና የቤቴን ወለል እዩ» እያለ ለመነ። ማን ይመነው? ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ወረዱ። በዚያ አገር ከዚያ ወዲያ አመድ ለግንብ ያነሣ ሰው የለም።

አባ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ።

«እና አባ፣ አመዱ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለች ስንዱ።

«ደህና ነበር እንጂ! የሚያንገበግበኝ እሱ አይደል?» አሉ ቆጣ ብለው። «እንግዲህ ልጄ፣ ገንዳው አንቺ የምታሠሪው ክፍል ነው። ውሃ የሚያጠጡት ሴቶች የልጆቹ እናቶች ናቸው። ግንበኛው አንቺ ነሽ፤ ሴትየዋ «በምን ተለየ?» ብላ ጠይቃሽ ገና መልስ ያልሰጠሽው። የመቀላቀሉን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ምኑን አውቄ። ግን ሰው ያልነገርሽውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠብቅልሽ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቆምልሻለሁ፤ አንቺው ንገሪያቸው።»

ስንዱ ነጠላዋን አጠበቀች። «ቢሰድቡኝስ አባ?»

«ይሰድቡሻል» አሉ አባ። «እየሰደቡሽ ያጠጡታል።»