አገር ሊገዛ የተነሣው ጭቃ ሹም

ተረት ተረት!

የመሠረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ፤ እራት አልበላችሁም እንዴ? እሺ ይሁን።

በድሮ ዘመን በአንዲት የቆላ መንደር ይርዳው የሚባል ጭቃ ሹም ነበር። የመንደሯን ግብር የሚሰበስብ፣ የድንበር ጠብ የሚዳኝ ትንሽ ሹም ነው። ሹመቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ምኞቱ አያድርስ ነው። የአገሩ ገዥ በሞተ ጊዜ፣ ለዚያ ወንበር ከእኔ ወዲያ ማን አለ አለና እንቅልፍ አጣ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ደግ ሴት ናት፤ ባሏን ታምነዋለች። ንጉሡ ደግሞ የገዛ መንደሩ ዋስ ያልሆነለትን ሰው አይሾምም። እናም ይርዳው ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ከየቤቱም እየሳቀ ይወጣል። ምን ብለሃቸው ነው ብትለው፣ የወንዶች ጉዳይ ነው ይላታል። እሷም ባሌ ተወደደልኝ ብላ ደስ አላት። ወንድሟን ቸኮልንም፣ አንተም ዋስ ሁንለት ብላ ለመነችው።

ከዚያም የንጉሡ መልእክተኛ መጣና ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ለይርዳው ዋስ የሚሆን ይነሣ አለ። የመንደሩ ወንድ በሙሉ ተነሣ። አንድ የቀረ የለም። ማንጠግቦሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

መልእክተኛው ተገረመና፦ መልካም ነው። ይርዳው አገር ሊገዛ ከሄደ፣ በእሱ ፋንታ ጭቃ ሹም የሚሆነውስ ማን ነው? አለ።

ልጆቼ፣ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የቆመው ሁሉ እንደቆመ፣ እኔ ነኝ አለ። ከዚያም እርስ በርሱ ተያየ።

አንድ ሽማግሌ፦ ሹመቱን ለእኔ ሊሰጠኝ ነው ቃል የገባው። ማንጠግቦሽ ትሙት ብሎ ምሎልኛል አሉ።

ማንጠግቦሽ ክው አለች። አንጥረኛውም ለእኔም እንደዚያው ብሎ ነው የማለው አለ። ደብተራውም ደገመው፤ ጎረቤቷም ደገመው። ሞቷ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እሷ እዚያው ቆማ ትሰማለች። አንተስ እንደማለት ወደ ወንድሟ ዞረች።

ቸኮል አቀረቀረና፦ እህቴ፣ ለእኔም በአንቺው ነው የማለልኝ። በአንቺ ባይምል ኖሮ መች አምነው ነበር? አላት።

መልእክተኛው በቅሎውን አስቀርቦ ሄደ። መንደሩም ያንኑ ቀን ጭቃ ሹምነቱን ነጠቀው። ይርዳው የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። ማንጠግቦሽ ግን ለወንበሩ አላዘነችም። ነጠላዋን ለብሳ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ሰንበት አለፈና ይርዳው ሽማግሌ ይዞ መጣ። አጥፍቻለሁ፣ ሚስቴን መልሱልኝ ብሎ ደጅ ቆመ። ቸኮል ሊመልስለት ሲል ማንጠግቦሽ ራሷ ወጣች።

ማንጠግቦሽ፦ ማንን ፈልገህ ነው? ማንጠግቦሽ እንደሆነች ሞታለች። በየቤቱ ገድለሃት ስታበቃ ከየት ላምጣልህ? አለችው።

በሩንም ዘጋችው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ነገ አመጣለሁ ብሎ በእናቱ የሚምልልኝ ግን አልፈልግም፤ ዳቦውን ይዞ ይምጣ።