ሙሽራ ያስገባው ቀለም

ስትሄድ ደህና የሆነች መኪና ስትቆም ለምን ትንቀጠቀጣለች? ኅሪት ይህን ጥያቄ ከእህቷ ሰርግ ጀምሮ ለዓመታት ይዛው ዞራለች። ዓይናፋር ናት፤ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር መጫወት ይቀላታል። መኪናዋ አባቷ ሲሞት ለእሷ የተዋት አሮጌ መኪና ናት። ኅሪት የምትሻው ትንሽ ነገር ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ጸጥ ብላ እንድትቆምላት።

ከአባቷ በኋላ የቤቱ አዛዥ የሆኑት አጎቷ ጋሽ ተካልኝ ግን ቆርጠዋል። "ይቺ ወባ የያዛት መኪና እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ለቁራሌው እሸጣታለሁ" አሉ።

ኅሪት እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ጋራዥ ተራ ወረደች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠና፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት ካልሰጠ ሞተሩን አልነካም አለ።

ሄደች ወደ ኤሌትሪሺያኑ። ካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ መካኒኩ ሞተሩን አይነካም፣ መኪናዋ ቆማ አትረጋም፤ እባክህ እይልኝ አለችው። የፊት መብራቱን ቢያበራው እንደ ኩራዝ ደበዘዘበት። ባትሪው ካልሞላ ካንዴላውን አላይም አለ።

ሄደች ወደ ባትሪ ሞይው። ባትሪው አልሞላም፣ ኤሌትሪሺያኑ ካንዴላውን አያይም፣ መካኒኩ ሞተሩን አይነካም፣ መኪናዋ ቆማ አትረጋም፤ እባክህ ሙላልኝ አለችው።

ባትሪ ሞይው ሳቀ። "እህቴ፣ ዛሬ ብሞላልሽ ነገ ባዶ ነው። ዲናሞው ካልመገበው እኔ ሞግዚት አይደለሁም።"

ሄደች ወደ ዲናሞ ጠጋኙ። ዲናሞው አይመግብም፣ ባትሪ ሞይው ባትሪውን አይሞላም፣ ኤሌትሪሺያኑ ካንዴላውን አያይም፣ መካኒኩ ሞተሩን አይነካም፣ መኪናዋ ቆማ አትረጋም፤ እባክህ ጠግንልኝ አለችው። ፈታው፣ አዞረው፣ መልሶ አሰረው። ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ሽቦው ነው የማይይዘው፤ ሽቦ ደግሞ የኔ ሥራ አይደለም አለ።

ኅሪት መኪናዋን ወደ ቤት መለሰችና ራሷ ኮፈኑ ሥር ገባች። ከባትሪው ወርዶ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ በጣቷ ተከተለችው። ጫፉ የታሰረው ግን ብረት ላይ አልነበረም፤ ቀለም ላይ ነበር፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለእህቷ ሰርግ የሙሽራ መኪና ትሁን ተብላ፣ ጋሽ ተካልኝ እስከ ኮፈኗ ውስጥ፣ እስከ ብሎኖቿ ሥር ነጭ አስቀብተዋት ነበር።

በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት አጎቷ ሄደች። ቀለሙ ሽቦውን ከብረቱ ለየው፣ ሽቦው ዲናሞውን አያግዝም፣ ዲናሞው አይመግብም፣ ባትሪ ሞይው ባትሪውን አይሞላም፣ ኤሌትሪሺያኑ ካንዴላውን አያይም፣ መካኒኩ ሞተሩን አይነካም፣ መኪናዋ ቆማ አትረጋም፤ ትንሽ ቀለም ልፋቅ አለቻቸው።

ጋሽ ተካልኝ ተነሥተው እስከ መኪናዋ ተከተሏት። "ሙሽራ ያስገባ ቀለም ይፋቃል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍሽን አንብቢ።"

ኅሪት እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች። አንገቷን የደፋችው ግን ብሎኑን ለማየት ነበር።

"ጋሼ፣ መኪናዋ የኔ ናት" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ብሎኑን ፈትታ ብርጭቆ ወረቀት አነሣች።

ብርጭቆ ወረቀቱ ቀለሙን ፋቀው፣ ብረቱ ሽቦውን ያዘው፣ ሽቦው ዲናሞውን አገዘው፣ ዲናሞው ባትሪውን መገበው፣ ባትሪው ካንዴላውን አነቃው፣ ካንዴላው ለሞተሩ እሳት ሰጠው፣ መኪናዋም ቆማ ረጋች። ጋሽ ተካልኝ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ወባዋ ለቋታል።

መዳፋቸውን አነሡና፣ የተፋቀውን ቦታ ቅዳሜ አስቀባዋለሁ አሉ።

ኅሪት ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ያ ሳንቲም የሚያህል ራቁት ብረት ግራሶ ይቀባ እንደሆን እንጂ ቀለም ሁለተኛ እንዳይነካው ወሰነች። ቅዳሜም መኪናዋ እቤት አትውልም፤ ኅሪት ራሷ ትነዳታለች።