ሳይቀመስ የተቀዳ ጠላ

አንድ መጤ ነበረ። አንቺ ለማስተማር ልምምድ ስለተላክሽበት ክፍል ጠየቅሽኝ፣ «እነዚህ ጎረምሶች ለምን አያምኑኝም?» አልሽኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ አንድ ገበሬ አወራልሻለሁ። ታገሺኝ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የምንገናኘው።

ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበት፣ ልጅ ያልነበረው አጎቱ የተወለትን መሬት ሊያርስ ከሩቅ አገር መጣ። በዚያ መሬት ላይ የመንደሩ ጎረምሶች ለዓመታት ከብት ሲያግዱበት፣ የገና ጨዋታ ሲጫወቱበት ኖረዋል። ታዲያ መጤው ጥማዱን ይዞ ሲገባበት ማን ደስ ይለዋል? «አገሩን ለምን ለቀቀ? ደም አፍስሶ ይሆናል» ተባባሉ። እሱም በበኩሉ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነበረ። ሰላም ሲሉት ምን ፈልገው ነው ይላል፤ ዝም ሲሉት ምን አስበው ነው ይላል። ከሳቁማ አለቀ፣ በሱ ነው የሳቁት።

ኅዳር ላይ ጤፉ ደረሰ። መድረስ ብቻ ሳይሆን ሊረግፍ ተቃረበ፤ በዚያ ላይ ያለ ወቅቱ ደመና ይቋጥር ጀመር። ብቻውን አጭዶ አይዘልቀውም። ዝናብ ከመታው የዓመት ጉሮሮው ተዘጋ ማለት ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ወደመጣበት ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም፣ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው የለም። በዚያ አገር አጨዳ የሚወጣው በጎረምሶች ደቦ ነው። እየመረረው ሄዶ ለመናቸው።

መጡ። እንደ መጡ «ወንድሞቼ፣ የኔ አንበሶች» እያለ ያለ ልክ ሳቀላቸው። ጎረምሳ ደግሞ ከልብ ያልሆነ ሳቅ ከሩቅ ይሸተዋል፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሳቁ እንዳልሠራለት ሲያይ ፊቱን አጠቆረና ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ጀመር። ማን ሆን ብሎ ጤፉን ረገጠ፣ ማን ነዶ ሸሸገ። ሲዘፍኑም ጆሮውን አቁሞ በግጥሙ ውስጥ ስሙን ይፈልጋል።

ጠላውን የጠመቀችለት ጎረቤቱ ነበረች፤ ሚስት የለውማ። ሴትዮዋ የጎረምሶቹ አለቃ እናት መሆኗን ያወቀው ያን ዕለት ጠዋት ነው፣ ልጁ እንስራውን ተሸክሞ መጥቶ «እማዬ ይኸው ብላለች» ሲለው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንስራውን በጎሪጥ ያየው ጀመር። መሬቱን የሚፈልጉት እነሱ፣ የጠመቁት እነሱ፣ የተሸከሙት እነሱ! ታዲያ መርዝ ለመጨመር ምን ጎደላቸው?

በአገሩ ወግ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። «ሞትም ካለበት እኔ ልቅደም» ማለት ነው። መጤው ወጉን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን እኩለ ቀን ላይ ዋንጫዎቹን ሞልቶ ሲያድል መዳፉን አላስነካም።

አለቃው ዋንጫውን አፉ ድረስ አድርሶ መለሰው።

«ጋሼ፣ ጠላው ምነው አልተቀመሰ?»

«እንግዳ ይቅደም ብዬ ነው። ጠጡ፣ ጠጡ።»

ልጁ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ሌሎቹም እየተከታተሉ አስቀመጡ። ማንም አልተሳደበም። ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተነሡ፤ የማሳው እኩሌታ ገና ቆሟል፣ ደመናው ደግሞ ተራራውን ውጦታል።

መጤው መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ይኸው! መርዙን ስለሚያውቁት ነው ያልጠጡት!» የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን ፊታቸውን አየ። የፈሩ ልጆች ፊት ነው። እሱ ሲፈራቸው በከረመ ጊዜ ሁሉ እነሱም እሱን ሲፈሩት እንደ ከረሙ ያን ጊዜ ገባው። ቢገባውም ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ሄዶ አለቃው ያስቀመጠውን ዋንጫ አነሣ። በመዳፉ ጠብ ማድረግ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን በስመ አብ ብሎ እስከ አተላው ጨለጠው።

ጎረምሶቹ ማጭዳቸውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ። እሱም ቆሞ ሞቱን ይጠብቃል። ሞት ቀረና ግሳት መጣ። ጠላው ኮምጣጣ ነበረ።

«እናንተን ፈርቼ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ያልቀመስኩት ፈርቻችሁ ነው።»

የአለቃው ፊት ተለዋወጠ። «የጠመቀችው እናቴ ናት» አለ።

«አውቃለሁ። የፈራሁትም ለዚያ ነው። ይቅር በለኝ።»

ልጁ አየው፣ አየውና ባዶውን ዋንጫ ከእጁ ተቀበለ። ራሱ ቀዳ፣ በመዳፉ ቀመሰ፣ ለጓደኛው ሰጠ። ከዚያ ወደ ማሳው ተመለሱ። መጤውም ድንጋዩን ትቶ ማጭድ ይዞ መካከላቸው ገባ። ጤፉ ከዝናቡ በፊት ተከመረ።

በዘፈኑ ውስጥ ስሙን ሰማ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ ሰማ፤ ስለ ግሳቱ ግጥም አውጥተውለት ነበር። ወዲያው ወዳጅ ሆኑ አልልሽም። ያን ዕለት ማታም በሩን አጥብቆ ቀርቅሮ ነው የተኛው ይባላል። በማግስቱ ግን አለቃው ማንም ሳይጠራው ለውቂያ መጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ መጤዋ አንቺ ነሽ። ክፍሉ አንቺ ሳትመጪ የነሱ ነበር፤ ለምን እንደ መጣሽ አያውቁም፣ ተለማምደሽ እንደምትሄጂ ግን ያውቃሉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቼሻለሁ። ሰሞኑን ከረሜላ አደልሽ፣ ያ አልሠራ ሲል ደግሞ አለንጋ መያዝ ነው የቀረሽ። ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ እንኳ እንዳይስቁብሽ ብለሽ በጎንሽ ቆመሽ፣ አንድ ዓይንሽ እነሱ ላይ ነው። «ስሕተት አያስፈራችሁ፣ ያሰባችሁትን ተናገሩ» ትያቸዋለሽ፤ የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣብሽ ግን «እሱን የቤት ሥራ አድርጉት» ብለሽ ታልፊያለሽ። ሳትቀምሺ እየቀዳሽላቸው ነው፣ ልጄ። እነሱም ይህን አይተው ነው ዋንጫውን ያስቀመጡት።

ትናንት አንዱ ተማሪሽ ጠይቆሽ ያለፍሽውን ጥያቄ ነገ ራስሽ አንሺው። «አላውቀውም ነበር፣ እንዳላፍር ፈርቼ ነው ያለፍኩት፣ አብረን እንሥራው» በያቸው፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰሌዳው ዞረሽ ጀምሪው።

ይስቁብኛል ትያለሽ? ይሳቁ። ጠላው ኮምጣጣ ነበረ አልኩሽ እንጂ መርዝ ነበረው አልኩሽ?