ሽኮኮዋ አስካለና የልጇ ፈተና

ጠጋ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ቦታ ለሌለው ቦታ ልቀቁለት። ድሮ ነው፤ እንስሳው፣ ዛፉ፣ አሸዋው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን ነው። በዚያን ዘመን ከአንድ ወንዝ አጠገብ፣ ከትልቅ ገደል ሥር፣ አስካለ የምትባል ሽኮኮ ትኖር ነበር። ባል ነበራት፤ ባሏ ከጧት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ልጅም ነበረቻት፤ ልጇ ትርንጎ ትባላለች። ትርንጎ አንደኛ ክፍል ነበረች።

የምን አንደኛ ክፍል አትሉኝም? የእንስሳቱ ትምህርት ቤት ነዋ። ወንዙ ዳር፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ነበር። አስተማሪው ጥቁርና ነጭ ካባ እንደለበሱ የሚውሉት ጉሬዛ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም የኔታ ይላቸዋል። የኔታ ጉሬዛ የሚያስተምሩት ዱካ ነው። እኛ ፊደል እንቆጥራለን፤ እነሱ ዱካ ይቆጥራሉ። አሸዋው ላይ የማን እግር እንዳለፈ የሚያውቅ እንስሳ ዕድሜው ይረዝማል። የማያውቅ ደግሞ... እሱን ተዉት።

ሰኔ ሲገባ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይመጣል። ያለፈ ሁለተኛ ክፍል ይገባል፤ ሁለተኛ ክፍል ከወንዙ ማዶ ነው። የወደቀ እዚያው ሾላው ሥር ከአዲስ ገቢዎች ጋር ይደግማል። ትርንጎ ትምህርት ቤት የገባችው ከድኩላዋ ልጅና ከቆቋ ልጅ ጋር ነበር። አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። እነሱ ማዶ ተሻግረው እሷ ብቻዋን የምትቀር ሲመስላት የያዘችው ሣር ከአፏ ይወድቃል። ይህን የምታይ እናት አንጀቷ እንዴት ይችላል?

አስካለ ራሷ ከትምህርት ብዙም አልዘለቀችም። ልጅ ሳለች ክረምት ገብቶ ወንዙ ሞላ፤ ቀረች፤ በዚያው ቀረች። ግን በየጧቱ ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ የተማሪዎቹን ድምፅ ከሩቅ ትሰማለች። እንዲህ እያሉ ያዜማሉ፦

የመጀመሪያው የጥንቸል ነው፣ ዘልላ የምትሄድ፣
የሚቀጥለው የድኩላ፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣
ከዚያ ያለው የከርከሮ፣ ጭቃውን የሚወድ፣
ከከርከሮው ጎን የጅብ ነው፣ ሲመሽ የሚነጉድ፣
መጨረሻው የነብር ነው፣ ድምፅ የለው ሲሄድ።

አስካለም ትምህርት ማለት ይህ ዜማ ነው ብላ በልቧ ያዘች። ልጇ ዜማውን ከቻለች ፈተናውን ታልፋለች። ስለዚህ ጧት ጧት ፊቷን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙራ፣ "አምላኬ ሆይ፣ እኔ የማውቀው ትንሽ ነው፤ አንተ እርዳት" ትልና ልጇን ማስጠናት ትጀምራለች።

መጀመሪያ የሄደችው ጎረቤቷ በቀቀን ዘንድ ነው። በቀቀን በአነጋገሯ የታወቀች ናት። ልጄን እንዴት ላስጠናት ብላ ብትጠይቃት፣ በቀቀን ምንቃሯን ከቅርንጫፉ ላይ እየሳለች፣ ይኼማ ምን ያስቸግራል አለች። ደግማ ትበለው፣ ጮክ ብላ ትበለው፣ ፈጥና ትበለው፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እንደዚያ ነው አለች። አስካለ ምን ምን ታውቂያለሽ ብላ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ ደግ ነበር።

ትርንጎም ደገመችው። ጮክ ብላ አለችው፤ ፈጥና አለችው። ሣር ስትበላ አለችው፤ ጆሮዋን ስትታጠብ አለችው። በመጨረሻ አባትየው ሳይቀር ድንጋዩ ላይ ተኝቶ በእንቅልፍ ልቡ ያንጎራጉረው ጀመር። አስካለ ደስ አላት።

አንድ ጧት እናትና ልጅ ውኃ ሊጠጡ ሲወርዱ አሸዋው ላይ ዱካ አገኙ። አስካለ ገና በሩቁ የጅብ መሆኑን አወቀች፤ ሌሊት አልፎ ሄዷል። ልጇን አቁማ ይህ የማን ነው አለቻት። ትርንጎ ቀጥ ብላ ቆመች፤ አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጀመረች። "የመጀመሪያው የጥንቸል ነው፣ ዘልላ የምትሄድ..."

"ከጥንቸል ጀምሪ አላልኩሽም። ይኼ፣ ይኼ እግርሽ ሥር ያለው የማን ነው?"

"እማ፣ አታቋርጪኝ። ካቋረጥሽኝ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።"

ደግሞም ከመጀመሪያው ጀመረች። ጥንቸልን አለፈች፤ ድኩላን አለፈች፤ ከርከሮን አለፈች፤ ጅብ ጋ ደርሳ ጅብንም አለፈችው፤ ነብር ላይ አሳርጋ ዓይኗን ገለጠች። እናትየው፣ ታዲያ ይኼ የቱ ነው አለቻት። ትርንጎ፣ የቱ አለች።

አባትየው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። "ነብሩን መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው ደግ ነው" አለ። "ዘፍና እስክትደርስለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።"

አስካለ አልሳቀችም። ፈተናው ደርሷል፤ ልጇ ደግሞ ዜማውን እንጂ ዱካውን አታውቅም።

ወሬ አይደበቅም፤ በማግሥቱ እመት ጦጣ ከሾላው ላይ ወርዳ መጣች። እትዬ አስካለ፣ ስለ ልጅሽ ሰምቼ አዘንኩ አለች። መላ አላት፦ በፈተናው ቀን ከየኔታ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጥንቸል ሲሆን ጆሮዋን ታካለች፤ ከርከሮ ሲሆን አፍንጫዋን ትይዛለች፤ ነብር ሲሆን ጅራቷን ትጥላለች። ትርንጎ ቀና ብላ ማየት ብቻ ነው። ለውለታዋ የምትፈልገው ያንን ባልሽ የሚተኛበትን ሞቃት ድንጋይ ነው። ይህን ስትሰማ ትርንጎ ዓይኗ በራ፤ አባቷ ግን ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

አስካለ ወዲያው እምቢ አላለችም፤ እናት ናትና ፈተናት። እስከ ከሰዓት ድረስ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ከዚያ ወደ ጦጣ ሄዳ እንዲህ አለቻት፦

"የፈተናው ቀን አንቺ ዛፉ ላይ ትሆኛለሽ፤ ደህና። ክረምቱን ልጄ ብቻዋን ውኃ ልትጠጣ ስትወርድስ? ያኔ ጅራትሽን የምትጥይላት ከየት ሆነሽ ነው?"

ጦጣ ትከሻዋን ሰበቀች። "ለእሱ ሌላ ድንጋይ እንነጋገራለን።"

አስካለ አመስግና ተመለሰች። ትርንጎ አለቀሰች፤ ጓደኞቼ ጥለውኝ ሊሻገሩ ነው፣ አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ አለቻት። አባትየው ግን ድንጋዩ ስላልተነካበት ዕፎይ ብሎ ተገላበጠ።

እናት የልጇን ወቀሳ ዋጥ አድርጋ ብቻዋን ወንዝ ወረደች። አሸዋው ላይ ተቀምጣ እንባዋን አፈሰሰች። እንባዋ ጠብ ሲል ከሥሯ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

"ሰኔ ነውና ዝናብ መስሎኝ ነበር። ለካ እንባ ነው። አስካለ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

አያ አሸዋ ነበር። አስካለ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ዜማው፣ ስለ በቀቀን፣ ስለ ጦጣ። አያ አሸዋ ሰማና እንዲህ አላት፦

"ልጅሽ ዓመቱን ሙሉ እኔ ላይ ተቀምጣ ተምራለች። ፊቴን ግን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። አፏ ይዘፍናል፤ ዓይኗ ሰማይ ነው። ለመሆኑ አንቺ ጅብን ከነብር በምን ነው የምትለዪው? ዘፍነሽ ነው?"

"ኧረ እኔስ አይቼ ነው። ጅብ ጥፍሩን አይሸሽግም፤ ከጣቶቹ ፊት ጫር ጫር ብሎ ይታያል። ነብር ግን ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚረግጥ፤ ዱካው ድብልብል ያለ ነው፣ ለስላሳ።"

"ይኼን ለልጅሽ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም። ይኼ እኮ ትምህርት አይደለም፤ እናቴ ውኃ ስንወርድ የነገረችኝ ነገር ነው።"

አያ አሸዋም ቀስ ብሎ፣ "የኔታስ ሌላ ምን የሚያስተምሩ ይመስልሻል?" አላት።

አስካለ እንባዋን ጠረገች። ያን ዕለት ከሾላው ሥር አባጨጓሬ መካከሉን የበላው ሰፊ ቅጠል አነሳች። በማግሥቱ ጧት ጸሎቷን አድርሳ ልጇን ይዛ ወረደች። እርጥቡ አሸዋ ላይ የሁሉንም ዱካ በእጇ እየጫነች ቀረጸች፤ በዜማው ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደመጣላት። ከዚያ ቅጠሉን አለበሰችው። በቀዳዳው አንድ ዱካ ብቻ ይታያል።

ትርንጎ ወዲያው ቀና ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ አገጯን ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰቻት። የማን ነው አላለቻትም። ምን ይታይሻል አለቻት።

ሰኮና ነው አለች ትርንጎ። ሰፊ ነው ቀጭን? ሰፊ ነው። ጫፉ የሾለ ነው የደነዘ? የደነዘ ነው። እንዲህ ያለ ሰኮና ያለው፣ ጭቃ የሚወደው ማነው? ትርንጎ ከርከሮ አለች፤ ከጥንቸል ሳትነሳ ከርከሮ ማለቷ ለራሷም ገረማት።

ግን እንዲህ በአንድ ጊዜ አልቀናቸውም። ቅጠሉ ሲዞር የድኩላውን የፍየል ነው አለች፤ የጅቡን የነብር፣ የነብሩን የጅብ አለች። ዜማዬን አበላሸሽብኝ ብላ እግሯን መሬት ላይ ጠበጠበች። አስካለ አልተቆጣችም። ዜማው የትም አይሄድብሽም፣ አይተሽ ስትጨርሺ ትዘፍኚዋለሽ እያለች፣ የጠፋውን ዱካ ደግማ ቀረጸች፤ ቅጠሉን ደግማ አዞረች። ያንን እናቴ ውኃ ስንወርድ የነገረችኝ ያለችውን ሁሉ፣ ትንሽ ነው ብላ ያስቀመጠችውን ሁሉ፣ ለልጇ አወጣችላት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የኔታ ጉሬዛ በማለዳ ወርደው ዱካዎቹን አሸዋው ላይ ቀርጸው ነበር። ተማሪዎቹ ገና ቁጭ ከማለታቸው የሰኔ ዝናብ ወረደ። ወዲያው አባራ፤ ዱካዎቹ ግን ግማሽ በግማሽ ታጠቡ። ወላጆች ወዲያ ገደሉ ጥግ ቆመዋል፤ አስካለም ከመካከላቸው ናት። የኔታ እንደገና ይቀርጹታል ብላ ጠበቀች። የኔታ ግን ካባቸውን አራግፈው፣ "ጫካ ውስጥ ዱካ ታጥቦም ይገኛል፤ እንቀጥል" አሉ።

እመት ጦጣ ሌላ ደንበኛ አግኝታለች፤ የጥንቸሏ ልጅ ነው። ግን ዝናብ ፈርታ ራሷን በቅጠል ሸፍናለች። ምስኪኑ ልጅ ቀና ቢል ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ክረምቱን አጥንተህ መስከረም ላይ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ትደግማለህ ተባለ።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። የኔታ አንዱን አሳዩአት፤ ጎንበስ ብላ አይታ የጥንቸል አለች። ሌላውን አሳዩአት፤ የከርከሮ አለች። ሦስተኛው ዱካ ግን ክፉኛ የታጠበ ነበር፤ ከተረከዙ ግማሽ፣ ከጣቶቹም ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ትርንጎ አየችው፤ ምንም አልታያት። ፈራች። ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች።

አስካለ ከገደሉ ጥግ ሆና የልጇን ድምፅ ሰማች። "የመጀመሪያው የጥንቸል ነው..." አምላኬ፣ ዓይኗን መልስልኝ አለች በልቧ።

ድምፁ ተቋረጠ። ያቋረጣት የለም፤ ራሷ ናት ያቆመችው። ትርንጎ በሆዷ ተኛች፤ አፍንጫዋ አሸዋውን እስኪነካ ተጠጋች። ብዙ ቆየች። የኔታም አላጣደፏትም።

"የኔታ፣ ድብልብል ነው" አለች በመጨረሻ። "ከጣቶቹ ፊት ጥፍር የለም። ዝናቡ አጥቦት እንዳልል፣ የጣቶቹ ጫፍ ሳይነካ ቀርቷል። ጥፍሩን ሰብስቦ የረገጠ ነው። ነብር ነው።"

"ነብር ከሆነስ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መጀመሪያ ድንጋይ ውስጥ እገባለሁ። ከዚያ ነው የምዘፍነው።"

የኔታ ጉሬዛ ሳቁ፤ ካባቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ሳቃቸውን ጨርሰው ወደ ወላጆቹ ዞሩ። "የአስካለ ልጅ አልፋለች" አሉ።

አስካለ ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልወጣ አላት። እርጥቡ መሬት ላይ እንዳለች ቁጭ አለች። ትርንጎ ከድኩላዋ ልጅና ከቆቋ ልጅ ጋር እየተጋፋች፣ የሁለተኛ ክፍልን ቦታ ልታይ ወደ መሻገሪያው ስትሮጥ በዓይኗ ተከተለቻት። ወጣች፤ ወረደች፤ ማዶ ደረሰች። ያን ጊዜ ተመስገኑም መጣላት፤ ደጋግማ አለችው። ከዚያ በጣም እንደራባት አወቀች። ዝናብ ያረጠበውን ሣር ከፊቷ ነጨችና፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር፣ ቀስ እያለች እየጣማት በላች።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ አባቶችም፣ ልጅ ስታስጠኑ አፉን ብቻ አትስሙ፤ ዓይኑ የት እንዳለ እዩ። ራሳችሁ የምታውቁትንም ይህች ምን ትረባለች ብላችሁ አታስቀሩበት። የእኔ ወግ እዚህ ላይ አበቃ። ለሚያጠኑት ማስተዋሉን፣ ለሚያስጠኑት ትዕግሥቱን ይስጥልን፤ አሜን በሉና ተነሱ።