የጳጉሜን ሦስት ልጆች ዝርዝር

ቅረቡና ስሙኝ። የማወራላችሁ ስለ አንድ ዝርዝርና ስለ አንድ በር ነው። መሀል ላይ ብትጠፉብኝም ችግር የለም፤ እኔው ከበሩ ጀምሬ እየደጋገምኩ አነሳላችኋለሁ።

ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሲስተር የሻረግ የምትባል አዋላጅ ነርስ ነበረች። ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። ጳጉሜን ሦስት የክትባት ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን የተቀጠሩትን ልጆች ዝርዝር ኮምፒውተሩን ብትጠይቀው ባዶ ገጽ አወጣላት። ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ሐምሌ አስራ ስምንት ዘነቡ የምትባል እናት ራሷ አዋልዳለች፣ የልጁ አርባ አምስት ቀንም ጳጉሜን ሦስት ይሞላል። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን የሚመጣው በወር አንዴ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወረዳው ውስጥ ትክትክ ገብቷል፤ ያልተከተበ ጨቅላ ላይ ትክትክ ምን እንደሚያደርግ እሷ በዓይኗ አይታለች። ከተማ ላለችው ለማስተዋል ደወለችላት። ማስተዋል ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዷ ናት።

ማስተዋል ችግሩን ለማግኘት ብዙም አልፈጀባትም። ፕሮግራሙ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ጳጉሜንን ዘሏት ነው የሚሄደው። «አትዝለል» የምትል አንዲት መስመር ጻፈችበት። እንደ ደንባቸውም አንድ አዲስ ፈታኝ ጨመረች። ፈታኝ የሚሉት አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የዚህኛው ጥያቄ «ሐምሌ 18 የተወለደ ልጅ 45 ቀን የሚሞላው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ከሱ በፊት አራት መቶ አስራ ሁለት ሌሎች ነበሩ። ማንም ሰው አንዲት መስመር በነካ ቁጥር ሁሉም ይነሱና እያንዳንዳቸው ያችኑ ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ፤ ሳይታዘዙ፣ ሳይሰለቹ፣ በየቀኑ። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት።

መስመሯን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ከከተማ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ የሚያልፈውን ሁሉ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። በሩ አላሳልፍም አለ። ማስተዋል ስክሪኗ ላይ የተጻፈውን ውጤት ብታሳየው እሱን አላነብም አላት። የሚያነበው አንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው፤ የፈታኙ ስም፣ የፈጀበት ጊዜ፣ አለፈ ወይስ ወደቀ፣ ከወደቀ ለምን። ፈታኞቹ በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉ፣ ወረቀቱ ግን አንድ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ በርም ቢሆን ያንኑ ወረቀት ያነባል። በስንት ነገር ያልተስማማ ሰው በዚህች ወረቀት መስማማቱ ይገርመኛል። ብቻ በሩ አላሳልፍም አለ፤ ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አላገኘችም።

ማስተዋል ወረቀቱን ወደሚጽፈው ጸሐፊ ሄደች። እሱም ፕሮግራም ነው፤ ጠባዩ ግን የድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው አልጽፍም አለ። አራት መቶ አስራ ሁለቱ ነግረውኛል፣ አዲሱ ግን ዝም ብሏል፤ አለፈ ብዬ ብጽፍ ውሸት፣ ወደቀ ብዬ ብጽፍ ውሸት አለ። አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ አዲሱን ፈታኝ አጥፊውና ይለቅሻል ብሎ መከራት። እውነቱን ነው፣ በሩ ወዲያው ይከፈት ነበር፤ ሲስተር የሻረግ የምታገኘው ግን ያንኑ ባዶ ገጽ ነው። ማስተዋል አላጠፋችውም። እናም በሩ አላሳልፍም አለ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፤ ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አላገኘችም።

ወደ አዲሱ ፈታኝ ሄደች። ፈታኙ አልናገርም አለ። ጥያቄዬን ጠይቄያለሁ፣ ቀን ቆጣሪው መልስ እስኪሰጠኝ እየጠበቅኩ ነው አለ። ያልሰማውን እንዲናገር ማን ያስገድደዋል? በሩ አላሳልፍም አለ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፈታኙ አልናገርም አለ፤ ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አላገኘችም።

ወደ ቀን ቆጣሪው፣ «አትዝለል» ብላ ወደጻፈችበት የፕሮግራሙ ክፍል ሄደች። ቀን ቆጣሪው አልቆጥርም አለ። ድሮ ዘልዬ አልፍ ነበር፣ ዛሬ አትዝለል ብለሽኛል፤ ነሐሴን ጨርሼ ሦስት ቀን ቀርቶኛል፣ የምቆጥርበት ወር ግን ከወሮቹ ሳጥን አልተሰጠኝም አለ። በሩ አላሳልፍም አለ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፈታኙ አልናገርም አለ፣ ቀን ቆጣሪው አልቆጥርም አለ፤ ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አላገኘችም።

ወደ ወሮቹ ሳጥን፣ የየወሩ ስምና የቀኑ ብዛት ወደተቀመጠበት የፕሮግራሙ ክፍል ሄደች። ሳጥኑ አልከፈትም አለ። ያለኝ አስራ ሁለት መሳቢያ ነው፤ ሌላ ከፈለግሽ የሠሩኝን ሰው ጠይቂ አለ። የሠሩት ጋሽ አስራደ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ደግሞ ሳጥኑን ማንም አይነካውም። በሩ አላሳልፍም አለ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፈታኙ አልናገርም አለ፣ ቀን ቆጣሪው አልቆጥርም አለ፣ ሳጥኑ አልከፈትም አለ፤ ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አላገኘችም።

ጋሽ አስራደ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል ነው የሚሠሩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳጥኑን ሲሠሩ የወሮቹን ስም የቀዱት ከመሥሪያ ቤቱ ወርሃዊ የሪፖርት ቅጽ ላይ ነበር። ቅጹ አስራ ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤ የጳጉሜን ሥራ ነሐሴ ላይ ተደምሮ ነው የሚሞላው። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ብትረሳ ምን ይገርማል ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ጋሽ አስራደም አልነካውም አሉ። ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ስንት ፕሮግራም በዚያ ሳጥን ላይ ቆሟል፤ አንዱን ላድን ብዬ ሌላውን ብጥልስ አሉ። ደግሞም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልከሰሰውም።

በሩ አላሳልፍም አለ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፈታኙ አልናገርም አለ፣ ቀን ቆጣሪው አልቆጥርም አለ፣ ሳጥኑ አልከፈትም አለ፣ ጋሽ አስራደ አልነካውም አሉ፤ ማስተዋል የምትሄድበት አጣች። ቢቸግራት ለሲስተር የሻረግ ደወለችና ስልኩን ለጋሽ አስራደ ሰጠቻቸው።

ጋሽ አስራደ ነርሷን ሰላም አሏትና፣ ይህች ዘነቡ የምትባለው እናት ስልክ ካላት ለምን ደውለሽ አትጠሪያትም ብለው ጠየቋት።

«ለዘነቡማ ደውዬላታለሁ፣ ጋሼ» አለች ሲስተር የሻረግ። «እሷን አስታወስኳት። የጨነቀኝ የማላስታውሳቸው ናቸው።»

ጋሽ አስራደ ዘጠኝ ጳጉሜን እንዳለፈ በልባቸው የቆጠሩ ይመስለኛል፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልኩን ለማስተዋል መለሱላትና ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡ። «አስራ ሁለት ዓምድ ነበር የሰጡኝ» አሉ ለማስተዋል ቀስ ብለው። ከዚያ አስራ ሦስተኛዋን ጻፉ፤ ጳጉሜን፣ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት።

እንግዲህ እዩልኝ። ጋሽ አስራደ ሳጥኑን ነኩት፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቀን ቆጣሪው ቆጠረ፣ ፈታኙ ጳጉሜን ሦስት ብሎ ተናገረ። ከሱም ጋር አራት መቶ አስራ ሁለቱ ነባሮች እንደገና ተነሱ፤ ጋሽ አስራደ የፈሩላቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዱም አልወደቀም። ጸሐፊው ጻፈ፤ አራት መቶ አስራ ሦስት ስም፣ አራት መቶ አስራ ሦስት ጊዜ አለፈ። በሩ ወረቀቱን አነበበና አሳለፈ። ይህ ሁሉ የፈጀው አስራ አንድ ሰከንድ ነው። ፈታኞቹም ሆኑ በሩ አንድም ሕፃን አላዩም፤ የጠበቁት ግን ሕፃናትን ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

በዚያች ቅጽበት በየጤና ጣቢያው ባዶ የነበሩ ገጾች ሞሉ። ሲስተር የሻረግም ዝርዝሯን አገኘች፤ ዘጠኝ ስም። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። የዘነቡ ልጅ ሁለተኛ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ እሱም ሐምሌ አስራ ስምንት የተወለደ ነው። ዘነቡ ከተነሳችበት አልጋ ላይ፣ በዚያው ቀን፣ ራሷ ሲስተር የሻረግ በእጇ የተቀበለችው ልጅ ነበር። ጨርሶ ከልቧ ወጥቶ ነበር።

የእናቱን ስልክ ቁጥር ደወለች፣ አላነሳችም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው እናቲቱ አነሳች፤ ከጀርባዋ ልጁ ሲያለቅስ ይሰማል፣ ለቅሶው ጥሩ ነው፣ ሳል የለበትም። ሲስተር የሻረግ ጳጉሜን ሦስት ይዘሽው ነይ አለቻት።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ስታወሩት ታዲያ አንዱንም እንዳትዘሉ።