የጥርኟ ጠረን

አንድ መልካም ሽታ የሚወድ ንጉሥ ነበረ። እናቱ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ሰውን ሁሉ የምትለየው በጠረኑ ነው። ንጉሡ በየማለዳው ቀማሚው ሸምሰዲን ያዘጋጀለትን ሽቶ አንገቱ ላይ ተቀብቶ አጠገቧ ይቀመጥና በእጁ ያጎርሳታል። እሷም ያደረችበትን ሕልም ትነግረዋለች። በሕልሟ ሁልጊዜ ታያለች።

አንድ ቀን ንጉሡ በጫካው ዳር ሲያልፍ ክፉ ሽታ አፍንጫውን መታው። ፊቷ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ ጥርኝ ግንድ ላይ ትታሻለች።

«ደግሞ ይህቺ ለምን ተፈጠረች?» አለና በማግስቱ አዋጅ አስነገረ። ጥርኝ ሁሉ ከአገር ይባረር፤ የታሸችበትም ግንድ ይቃጠል።

ሸምሰዲን አዋጁን ሲሰማ ክው አለ። ነገር ግን ቀማሚዎች ሽቷቸው ውስጥ የሚገባውን ነገር ለንጉሥም ቢሆን አይናገሩም፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ መሐላ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሸምሰዲን ዝምታ ግን ነቀዘ። በቀንድ ያስቀመጠው፣ ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ሲያልቅ፣ ሽቶው ውስጥ የቀረው የጽጌረዳ ሽታ ብቻውን ንጉሡ ግቢውን ሳያቋርጥ ይጠፋ ጀመር።

አንድ ማለዳ ንጉሡ ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ እናቱ ፊቷን አዞረች።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ድምፅማ ማንም ያስመስላል። ልጄን አምጡልኝ! ከሌላ ሰው እጅ አልጎርስም።»

ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ንጉሡ አጠገቧ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ጊዜ ሸምሰዲን አላስችል ብሎት እግሩ ላይ ወደቀ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሽቶዎን የሚያጸናው ዝባድ ነበር። ዝባድ ማለት ያባረሯት ጥርኝ ግንድ ላይ የምትቀባው ነው።»

ንጉሡ ብቻውን ወደ ጫካው ሄደ። በጭጋጉ ውስጥ፣ በተቃጠሉት ግንዶች መካከል፣ በሕልሙ እንደሚራመድ ሰው ሲዞር ዋለ። በመጨረሻ ወታደሮቹ የሳቱትን አንድ ግንድ ወንዝ ዳር አገኘ። የደረቀውን ዝባድ በጥፍሩ ፋቀ። ለመቀመም ጊዜ አልነበረምና እንዳለ አንገቱ ላይ ቀባው። ቤተ መንግሥት ሲገባ መኳንንቱ አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

ገና ደጃፉ ላይ ሲደርስ እናቱ ቀና አለች።

«መጣህ ልጄ? የት ከርመህ ነው?»

«እማዬ፣ አልከረፋሁሽም? አበባ እኮ የለበትም።»

«አበባውማ ለእንግዳ ነው። እኔ አንተን የማውቅህ በዚህ ነው» አለችና አፏን ከፈተች።

ወዳጄ፣ የምንወደውን ነገር ይዞ የሚያቆየው አንዳንዴ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ነው። ይህን እያወቀ ዝም ያለም ካባረረው አይሻልም። እስቲ እንጠያየቅ፦ እኛ ዛሬ አስቀያሚ ነው ብለን እያባረርን ያለነው ማንን ነው? ከመካከላችንስ ዝም ያለው ማን ነው?